ኪሊማንጃሮ እንዴት ተወጣ?

ዛሬ የምንጫወተው ስለ ኪሊማንጃሮ ተራራ ነው። የሚገኘው በታንዛኒያ ነው። ከፍታው 5,895 ሜትር ነው። በአፍሪካ እሱን የሚያህል ተራራ የለም። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን።

በ1848 ሬብማን የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በተራራው ራስ ላይ ነጭ ነገር አየ። መንገድ መሪው «ባሪዲ» አለው። በስዋሂሊ ብርድ ማለት ነው። ከኛ ቃል ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ በሉ! ሬብማንም በረዶ መሆኑ ገባው። ይህን ቢጽፍ አንድ የለንደን ምሁር አላምንም አለ። በምድር ወገብ አጠገብ በረዶ ከየት ይመጣል? ምሁሩ ግን ተራራውን በዓይኑ አላየውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ሞከሩ። በ1871 እንግሊዛዊው ቻርልስ ኒው በረዶው ድረስ ወጣ፤ ከዚያ በላይ ግን አልሄደም።

እጅግ የለፋው ጀርመናዊው ሃንስ ማየር ነው። በ1887 የበረዶ ግድግዳ ገጠመው። በቂ መሣሪያ አልያዘም ነበርና ተመለሰ። በ1888 ጭራሽ ተራራው ሥር እንኳ አልደረሰም። የባሕር ዳር ሰዎች በጀርመኖች ላይ ተነሥተው ነበር። ማየርን ያዙት፣ አሰሩት። በገንዘብ ተለቀቀ። ምን ይደረግ? አገራቸው ነው እኮ።

በ1889 ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። አሁን ግን አስቀድሞ ስለ ስንቅ አሰበ። እስቲ አስቡት፤ እላይ የሚበላ ነገር የለም። ስንቅ ያለቀበት ሰው ጫፉ ትንሽ ቢቀረውም ይመለሳል። እንደገና ከሥር ይጀምራል። ስለዚህ ማየር በመንገዱ ላይ ድንኳን አስተከለ። ተሸካሚዎች ከታች፣ ከማራንጉ፣ ምግብ አመላለሱለት። ሙኢኒ አማኒ የሚባል የፓንጋኒ ሰው ደግሞ ብርዱን ችሎ እላይኛው ድንኳን ቆየ።

ኦክቶበር 3 ቀን ማየርና ጓደኛው ፑርትሼለር በረዶውን በመጥረቢያ እየፈለፈሉ፣ ደረጃ እየሠሩ ወጡ። ከአፋፉ ደረሱ። ጫፉ ግን ገና ወዲያ ነው! ደክሟቸው ወረዱ። የወረዱት ግን እስከ ድንኳኑ ብቻ ነው። ምግብ አለ፣ መኝታ አለ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 6 ቀን፣ ጫፉ ላይ ቆሙ።

ማየር ለጫፉ የጀርመንን ንጉሥ ስም ሰጠው። ስንቁን ያመላለሱትን ሰዎች ስም ግን ዛሬ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በ1961 ታንጋኒካ ነጻ በወጣችበት ሌሊት እዚያው ጫፍ ላይ ችቦ ተለኮሰ። የንጉሡም ስም ቀረ። ዛሬ ጫፉ «ኡሁሩ» ይባላል። በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው።