እከክ፦ መርፌ ከመጽሐፍ የቀደመበት ታሪክ

«እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» ይላል ያገሬ ሰው። ጥፍሩንስ ሰጥቶናል። ችግሩ ጥፍር እከክን አያድንም። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሲሞቅ የሚብስ፣ በጣቶች መሃል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ የሚበላ፣ ሳምንታት አልፈውት የማይለቅ እከክ የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መደበቅ ነው። «ንጽሕና ጎድሎት ነው» እንዳይባል።

ስለ እከክ የተሳሳትነው ግን እኛ ብቻ አይደለንም። የአውሮፓ ሐኪሞች ከጥንት ግሪኮች በወረሱት ትምህርት እከክ የሚመጣው ከውስጥ፣ ከሰውነት ፈሳሾች መበላሸት ነው እያሉ ዘመናት ኖረዋል። መፍትሔውም ደም ማፍሰስና ሆድ ማጠብ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1687 ጆቫኒ ኮሲሞ ቦኖሞ የተባለ ሐኪምና ዲያቺንቶ ቼስቶኒ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ በጣሊያኗ የወደብ ከተማ በሊቮርኖ አንድ ነገር ልብ አሉ። ድሃ እናቶች ከልጆቻቸው ቆዳ ላይ በመርፌ ጫፍ አንዲት ነጥብ የምታህል ነገር ያወጡና በጥፍራቸው መሃል ይጨፈልቋታል። የከተማዋ ባሮችም አንዱ ለሌላው እንዲሁ ያደርጋሉ። እከክልኝ ልከክልህ ማለት ይሄ ነው! ሁለቱ ሰዎች ነጥቧን ማይክሮስኮፕ ስር ሲያደርጓት ትንቀሳቀሳለች። የመዥገር ዘመድ የሆነች፣ ዕንቁላል የምትጥል ተባይ ናት። ቦኖሞ ያየውን ሁሉ ጽፎ ለታወቀው ተመራማሪ ለፍራንቼስኮ ሬዲ ላከ። በሽታውን ያመጣችው ይህች ተባይ ናት፣ መድኃኒቱም ከላይ የሚቀባ እንጂ የሚዋጥ አይደለም አለ።

ማን ይስማው? የሮማው ጳጳስ ሐኪም ላንቺዚ ሳይቀር ተቃወመው። ነገሩም ተዳፍኖ ቀረ።

በ1812 ጋሌስ የሚባል ሰው ፓሪስ ውስጥ «ተባይዋን አገኘኋት» ብሎ ሥዕሏን አሳተመ። ሌሎች ቢፈልጓት የለችም። በኋላ ሲጣራ ሥዕሉ አይብ ላይ የምትኖር ሌላ ተባይ ሆኖ ተገኘ! ከዚህ ቅሌት በኋላማ «ተባይ ብሎ ነገር የለም» የሚሉት በረቱ። ነገሩ የተቋጨው በ1834 ነው። ሬኑቺ የተባለ የኮርሲካ ደሴት ተወላጅ ተማሪ በፓሪሱ ቅዱስ ሉዊ ሆስፒታል፣ መምህራኑ እያዩ፣ ከአንዲት ታማሚ ቆዳ ላይ በመርፌ አወጣት። ጥበቡን ከየት ተማረው? ከኮርሲካ ሴቶች። ሊቃውንቱ ውሃ የቋጠረውን እብጠት ሲያፈርጡ፣ ሴቶቹ ግን ተባይዋ ከዚያ ራቅ ብላ በቆዳ ውስጥ በቆፈረችው መንገድ መጨረሻ ላይ እንደምትተኛ ያውቁ ነበር። 147 ዓመት ሙሉ መልሱ በእናቶች እጅ ነበር ማለት ነው።

ቀጣዩ ምዕራፍ ሸፊልድ፣ እንግሊዝ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እከክ ሲስፋፋ የመንግሥት ጉልበት የሚያልቀው ብርድ ልብስን ከተባይ በማጽዳት ነበር። ከ1941 ጀምሮ ኬኔት ሜላንቢ «መሣሪያ አናነሳም» ያሉ በጎ ፈቃደኞችን ይዞ ሙከራ ጀመረ። ፈቃደኞቹ የታመሙ ወታደሮች የለበሱትን የውስጥ ልብስ ለበሱ፣ በብርድ ልብሳቸውም ተኙ። የተያዙት በጣም ጥቂት ነበሩ። ዋናው መተላለፊያ የቆዳ ለቆዳ ንክኪ ሆኖ ተገኘ። ሌላም ነገር ታወቀ፦ መጀመሪያ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። እንግዲህ እናንተ ስታኩ ገና የማያከው የቤታችሁ ሰው ተባይዋን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል።

ታሪኩ እኛም ዘንድ ይደርሳል። በ2015ቱ ድርቅ ማግስት በአማራ ክልል ወረርሽኝ ተነስቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእከክ ተይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል።

መድኃኒቱ አለ፤ እንደ ፐርሜትሪን ያለ ቅባት፣ ሲያስፈልግ አይቨርሜክቲን የሚባል ክኒን። ግን አንድ ሰው ተደብቆ ቢቀባ ዋጋ የለውም፤ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ የማያከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል። ቅባቱም እንደታዘዘው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ተባይዋ ከሞተች በኋላ ማሳከኩ ለጥቂት ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል «አልሠራም» ብላችሁ አትደንግጡ። ማሳከክ ሁሉ ደግሞ ይህ እከክ አይደለም፤ የቆዳ ድርቀት፣ አለርጂ፣ የጉበትና የኩላሊት ሕመምም ያሳክካል። ስለዚህ ከጓደኛ የተዋሳችሁትን ቅባት ትታችሁ ለሐኪም አሳዩ።

ከዚያ በፊት ግን ለቤት ሰው መናገር አለ። የሊቮርኖ እናቶች የልጆቻቸውን እጅ አንስተው ያዩት በጠራራ ፀሐይ ነበር ብዬ አስባለሁ። እኛ ምን አሳፈረን?