ፉከራ ከግጥሚያ በፊት፤ የመቀሌው ምሽግ በ1888 ዓ.ም.



ሁለት ቦክሰኞች ሊጋጠሙ በተቀጠሩ ጊዜ ውጊያው የሚጀመረው ደወሉ ሲደወል እንዳልሆነ የስፖርት ወዳጆች ያውቁታል። ከዚያ በፊት ዐይን ለዐይን መፋጠጥ አለ፤ መሳደብና መዛት አለ። የካቲት 17 ቀን 1956 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በማያሚ ከተማ፥ በኋላ መሐመድ አሊ የተባለው ካሲየስ ክሌይ የዓለም ሻምፒዮና ከነበረው ከሶኒ ሊስተን ጋራ ሊጋጠም ኪሎ በተመዘነበት ጧት፥ እንደ እብድ እየጮኸ ይዘልል ነበር። ሐኪሙ የልቡን ትርታ ቢለካው በደቂቃ 120 ሆኖ ተገኘ፤ በደኅናው ቀን ግን 54 ያህል ነበር። ብዙዎቹ ታዛቢዎች ልጁ ፈርቷል ብለው ፈረዱ። በዚያው ዕለት ማታ ግን ትከሻዬን ታመምሁ ብሎ ለሰባተኛው ዙር ከወንበሩ ሳይነሣ የቀረው ሊስተን ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። አባቶቻችን ሽለላ፥ ቀረርቶና ፉከራ እያሉ በስም በስሙ ለይተው ያውቁት ነበርና። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሣ የሚያስፈራራው ጠላቱን ይመስላል፤ ጠላቱ ግን በዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ይገኛል። የሚሰሙት ጌታው፥ ባልንጀሮቹና የአገሩ ሰዎች ናቸው። በእነርሱ ፊት እንዲህ አደርጋለሁ ያለ ሰው፥ ከጦር ሜዳ ሸሽቶ ቢመለስ መግቢያ የለውም። ስለዚህ ፉከራ ከማስፈራሪያነቱ ይልቅ ፎካሪው ራሱን የሚያስርበት ገመድ ነው።

በዚህ ገመድ ከታሰሩት አንዱ ጄኔራል ባራቲዬሪ ነው። በ1887 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሮማ ሄዶ ሕዝቡ በእልልታ በተቀበለው ጊዜ፥ ምኒልክን በፍርግርግ ሣጥን አስገብቼ አመጣላችኋለሁ ብሎ እንደ ፎከረ ይነገራል። የእኛ ፎካሪ ቢሆን ቢያንስ ጎፈር ይደፋ ነበር!

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ ላይ የማጆር ቶዜሊ ጦር ተደምስሶ እርሱም ከሞተ በኋላ፥ ጄኔራል አሪሞንዲ ወደ ሰሜን ሲያፈገፍግ በመቀሌ ማጆር ጋሊያኖን ትቶት ሄደ። ምሽጉ የተሠራው በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ሲሆን፥ በውስጡ 1,300 ያህል ወታደር ነበረ፤ አብዛኛውም የኤርትራ ተወላጅ ዐስከር ነው። መድፍ ነበራቸው፤ ግንቡም የጸና ነበር። የሚጠጡት ውሃ ግን ከግንቡ ውጭ ነበር።

እዚህ ላይ የልዑል ራስ መኰንን ብልኀት ይታያል። ራስ መኰንን ለጋሊያኖ የጻፉት ስድብ አይደለም። ደኅንነቱንና የወታደሮቹን ጤና ጠይቀው፥ የክርስቲያን ደም በከንቱ እንዳይፈስ ቦታውን ለቅቆ በሰላም እንዲሄድ፥ እምቢ ቢል ግን ለመዋጋት እንደሚገደዱ በወዳጅነት ቃል አስታወቁት። በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ይህን ዐይነት ደብዳቤ ያውቀዋል፤ «በትሕትና እናስታውቃለን» ከሚለው ወረቀት ይልቅ የሚቈጣ አለቃ ይሻላል። ጋሊያኖም እንደ ወታደር መለሰ፤ ንጉሡ በዚህ እንዲቈይ እንዳዘዘው፥ መልካም ጠመንጃና መድፍም እንዳለው ገለጸ። ይህም ያው ፉከራ ነው፤ በወረቀት ላይ ስለ ሆነ ብቻ ዘራፍ አላለም።

በታኅሣሥ መጨረሻ ዐፄ ምኒልክ ከዋናው ጦር ጋራ ደረሱ። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ያን ሁሉ ድንኳን ያየ፥ ነጋሪቱንና እምቢልታውንም የሰማ ሰው ምን እንደ ተሰማው መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ምሽጉ አልተፈታም። ጦራችን እየደጋገመ ወደ ግንቡ ቢወጣ በመድፍና በጠመንጃ ብዙ ሰው አለቀበት። እኔ እንጀራዬን የማገኘው በመናገር ስለ ሆነ ቃልን ማሳነስ አይገባኝም ነበር፤ እውነቱ ግን በመቀሌ ዛቻው ከሁለቱም ወገን ማንንም ከቦታው አላነቃነቀም።

ያነቃነቀው ያለ ጩኸት የተደረገ ሥራ ነው። እቴጌ ጣይቱ ምንጩ እንዲያዝ መክረው፥ ከራሳቸውም ጦር ሰዎች መድበው ውሃውን አስያዙት። በምሽጉ ውስጥ ውሃ በልክ ይታደል ጀመር፤ የጭነት ከብቱም በጥም አለቀ። ጠላት ሲፎክር መልሶ መፎከር ይቻላል፤ ጥምን ግን ማን ይፎክርበታል?

በጥር ወር፥ በሐረር ሳለ ከራስ መኰንን ጋራ የተዋወቀው ነጋዴ ፒዬትሮ ፌልተር አማላጅ ሆኖ ገብቶ፥ የጋሊያኖ ጦር መሣሪያውን እንደ ያዘ ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። ዐፄ ምኒልክም የጭነት ከብት እንዲያገኝ አደረጉ። ጠላትን በእጅ ካስገቡ በኋላ መልቀቅ ስሕተት ነው ያሉ ነበሩ፤ ዛሬም አይጠፉም። እኔ በዚህ አልስማማም። ራስ መኰንን ያን ጦር እየሸኙ ሲጓዙ የኢትዮጵያ ጦር ሳይተኰስበት አብሮ ተጓዘ፤ ወደ ዐድዋም አቀና። የተለቀቀው ጦር ሳያውቀው ጋሻ ሆነ ማለት ነው።

ባራቲዬሪ ግን በሮማ የተናገረው ቃል አልለቀቀውም። የካቲት 18 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ፥ ይህ የሳንባ ነቀርሳ እንጂ ጦርነት አይደለም የሚል የሽሙጥ ቴሌግራም ሰደደበት። ዛቻ ከጠላት ቢመጣ ይቻል ነበር፤ ይህ የመጣው ከገዛ ጌታው ነው። ከአምስት ቀን በኋላ፥ የካቲት 23 ቀን፥ በዐድዋ ጦርነት ገጠመ።

ጋሊያኖም በጥም ከመቀሌ ከወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በዚያው ዕለት በዐድዋ ሞተ። የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚገኝበት ነው።