ቲ-ቴስት እና የአሥሩ ታካሚዎች እንቅልፍ

የመግቢያ ስታቲስቲክስ ኮርስ የወሰደ ሰው ሁሉ ቲ-ቴስትን ያውቃል። ሁለት አማካዮችን አነጻጽር፣ ቀመሩን ሙላ፣ ከሠንጠረዡ ጋር አስተያይ፤ ከ0.05 በታች ከሆነ «ጉልህ ልዩነት አለ» ብለህ ጻፍ። ሐኪም ከሆንኩ ከዓመታት በኋላ፣ የአእምሮ ጤና ጥናት ለመሥራት ስል ከሳይኮሎጂ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ ይህንኑ ኮርስ ወስጄ ነበር። እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው። ቀመሩ ከሰማይ የወረደ ይመስል፣ ማን ሠራው፣ ለምን ሠራው፣ በማን ላይ ሞከረው የሚል ጥያቄ አልተነሣም። ቆይቼ ታሪኩን ሳነብ፣ ለካ የቲ-ቴስት የመጀመሪያ ምሳሌ ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የመጣ ነው! ለዘንድሮው የዓመት መጽሐፋችን ይህን ታሪክ የመረጥኩት፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ወይ የተማሪ ጥናት ታማክራላችሁ፣ ወይ ቁጥር የሞላበት ሪፖርት ትፈርማላችሁ ብዬ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከቢራ ፋብሪካ ነው። ዊልያም ጎሴት በኦክስፎርድ ኬሚስትሪና ሒሳብ ተምሮ በ1899 ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ሥራው የገብስና የጌሾ መሰል ተክል ጥራትን መመርመር ነበር። ችግሩ ደግሞ የማንኛውም ተግባራዊ ሰው ችግር ነው፤ ናሙናው ትንሽ ነው። አራት ማሳ፣ አምስት ጠመቃ፣ ከዚያ በላይ ጊዜም ገንዘብም የለም። የዘመኑ የስታቲስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን የሚያስተምረው ስሌት ግን በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠር መረጃ ላላቸው የሚሆን ነበር። ጎሴት ለንደን ሄዶ ከፒርሰን ዘንድ አንድ ዓመት ገደማ ቆየና በ1908 መልሱን «ባዮሜትሪካ» በተባለው መጽሔት አወጣ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ የተጠቀመው የብዕር ስም «ስቱደንት»፣ ማለትም «ተማሪ» የሚል ነው። መቼም ለኮርሳችን ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ቀመሩን የፈተነበት መንገድ ራሱ ያስገርማል። የ3,000 እስረኞችን የቁመትና የግራ እጅ መካከለኛ ጣት ልኬት በካርድ ላይ ጻፈ፣ ካርዶቹን በደንብ በወዘ፣ ከዚያ አራት አራት እያደረገ 750 ናሙናዎች አወጣ። የእያንዳንዱን አማካይና ልይይት አስልቶ ከቀመሩ ጋር መግጠሙን አየ።

ከዚያ ቀጥሎ ቀመሩን በሥራ ላይ ለማሳየት የመረጠው ምሳሌ ገብስ አልነበረም። ኩሽኒና ፒብልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1905 ያሳተሙትን መረጃ ወሰደ። እነሱ በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ካላማዙ በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለታካሚዎች የእንቅልፍ መድኃኒቶች ሰጥተው ስንት ሰዓት ተጨማሪ እንደተኙ መዝግበዋል። መድኃኒቶቹ የሂዮሲን ቤተሰብ ናቸው፤ ዛሬ ለሆድ ቁርጠት የምናዝዘው የዚያው የቅርብ ዘመድ ነው። ጎሴት የወሰደው የአሥር ታካሚዎችን ቁጥር ነው። በመጀመሪያው መድኃኒት በአማካይ 0.75 ሰዓት ተጨማሪ ተኙ፤ በሁለተኛው 2.33 ሰዓት። ዘጠነኛው ታካሚ በመጀመሪያው ምንም አልተለወጠም፣ በሁለተኛው ግን 4.6 ሰዓት ጨመረ። አምስተኛው በሁለቱም ያው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን መድኃኒት ወስዶ ጭራሽ 1.6 ሰዓት እንቅልፍ አጣ። ሰዎቹ ስም የላቸውም፤ በሠንጠረዡ ከ1 እስከ 10 ተብለው ተሰልፈዋል። ጎሴት አስልቶ ሁለተኛው መድኃኒት የተሻለ የመሆኑ ነገር 666 ለ1 ነው አለ።

እዚህ ላይ ማንኛውም መምህር በክፍል ውስጥ ሊያሳየው የሚችል ነገር አለ። እነዚያኑ ሃያ ቁጥሮች ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ናቸው፣ አሥር ሰው እዚህ አሥር ሰው እዚያ ብላችሁ ብታሰሉ ፒ-ቫልዩው 0.08 ገደማ ይሆናል። በተለመደው አነጋገር «ጉልህ ልዩነት የለም» ማለት ነው። አሥሩም ሰዎች ሁለቱንም መድኃኒት እንደወሰዱ አስታውሳችሁ እያንዳንዱን ከራሱ ጋር ብታነጻጽሩ ግን 0.003 ገደማ ይወጣል። ቁጥሩ ያው፣ መድኃኒቱ ያው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ሰው ሌሊቶች መሆናቸውን ማወቃችን። ከባድ እንቅልፍ ያለው ሰውና በባዶ ግድግዳ ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚያነጋ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ከስሌቱ ሲወጣ የመድኃኒቱ ሥራ ጠርቶ ይታያል። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው መረጃውን የሰበሰበው ሰው ነው።

ሌላም አለ። ጎሴት የመድኃኒቶቹን ስም አሳስቶ ጻፈ። ስሌቱ ልክ ነው፤ የዓምዶቹ ራስጌ ላይ የተጻፈው ስም ግን ኩሽኒና ፒብልስ የሰጡት መድኃኒት ስም አይደለም። ሮናልድ ፊሸር በ1925 ባሳተመው ታዋቂ የስታቲስቲክስ መጽሐፉ ይህንኑ ምሳሌ ተጠቀመበት፤ ከዚያም ምሳሌው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተቀዳ ዛሬ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ የልምምድ መረጃ ሆኖ ይገኛል። ልብ በሉ፤ ስንቱ ተማሪ አስልቶታል! ቀመሩ የተሳሳተ ስም ያለበትን ዓምድም በትክክል ያሰላል።

0.05 የሚባለውም ወሰን የመጣው ከዚያው ከፊሸር መጽሐፍ ነው። እሱ ያቀረበው ለሥራ አመቺ ነው በሚል ነበር። ኔይማንና ኢጎን ፒርሰን (የካርል ልጅ) በ1933 ሌላ አካሄድ አመጡ፤ ውሳኔ ከመስጠት በፊት ሁለት ዓይነት ስሕተቶችን መመዘን ያስፈልጋል አሉ። ፊሸርና ኔይማን በዚህ ጉዳይ ዕድሜ ልካቸውን ሲወዛገቡ ኖሩ። የሳይኮሎጂ መማሪያ መጻሕፍት ግን የሁለቱን ወገን ሐሳብ አንድ ላይ አቡክተው፣ ጠቡን ደብቀው፣ እንደ አንድ ሕግ ለተማሪ አቀረቡት። እኛም የተማርነው ያንኑ ቡኮ ነው።

ዋጋው ቆይቶ ታየ። ጃኮብ ኮኸን በ1962 በአንድ የሳይኮሎጂ መጽሔት የ1960 ቅጽ ላይ የወጡ 70 ጥናቶችን መርምሮ፣ መካከለኛ መጠን ያለውን ልዩነት የማግኘት አቅማቸው በአማካይ 48 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን አሳየ። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም ማለት እኮ ነው። በ2015 ደግሞ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን ደገሙ። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶ «ጉልህ» ውጤት የነበራቸው ሲሆኑ፣ ሲደገሙ ግን 36 በመቶ ብቻ እንዲያ ሆኑ። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር ፒ-ቫልዩ ብቻውን የአንድን ውጤት ትልቅነትም ጠቃሚነትም አይናገርም ሲል መግለጫ አወጣ። በእኛ ቋንቋ ጉዳዩ ይብሳል። «ጉልህ» የሚለው ቃል ለአማርኛ ጆሮ ትልቅ፣ ገዝፎ የሚታይ ማለት ነው። ሰንጠረዡ ግን የሚለው፣ ልዩነት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ቁጥር በአጋጣሚ ማየት ብርቅ ነበር ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የአሥሩ ታካሚዎች ነገር ሩቅ አይደለም። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮጀክት በ1986 በአዲስ አበባና በስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ከተጀመረ ወዲህ ብዙ የአእምሮ ጤና ጥናት ተሠርቶበታል። ከ1998 ጀምሮ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለማግኘት ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። በተጨማሪም አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎች ጥቆማ ተሰብስቧል፤ መጠይቁ የማያገኘውን ሰው ጎረቤት ያውቀዋልና።

በሌሎች ጥናቶቻችን በብዛት የምንጠቀምበት የዓለም ጤና ድርጅት የ20 ጥያቄ መጠይቅም አለ። «አዎ» ወይም «አይ» ይባላል፣ «አዎ»ዎቹ ይደመራሉ፣ ከተወሰነ ነጥብ በላይ ያገኘ የአእምሮ ጭንቀት አለበት ተብሎ ይመደባል። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ስለ እንቅልፍ ነው። እኔ በክሊኒክ የማውቃት አራስ «እንቅልፍ ይነሳሻል?» ስትባል «አዎ» ትላለች። እንቅልፍ የነሳት ሐሳብ ነው ወይስ ሕፃኑ? ራስ ምታቷስ ጭንቀት ነው፣ ወባ ነው፣ ወይስ ጾም መዋሏ? ለዚህ ነው የመቁረጫው ነጥብ በየአገሩና በየሕዝቡ እንደገና መፈተን ያለበት። ነጥቡ በአንድ ዝቅ ሲል ሴትየዋ ታማሚ ትባላለች፤ በአንድ ከፍ ሲል ደግሞ እርዳታ የምትሻው ሌላዋ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቲ-ቴስት ይህን ሊያርም አይችልም።

ለዚህ ለምታስተምሩ ባልደረቦቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የኮርሱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ በቀመር አትጀምሩ። የአሥሩን ታካሚዎች ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ አባዝታችሁ ለተማሪዎቹ ስጡ፤ ኮምፒውተር ሳይከፍቱ ይዩት። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ሰው ናቸው ወይስ የሁለት? እንቅልፋቸውን የቆጠረው ማን ነው? አሉታዊው ቁጥር ለዚያ ታካሚ ምን ዓይነት ሌሊት ነበር? የዓምዱ ስምስ እውነት የመድኃኒቱ ስም ነው? እነዚህን ለመመለስ የማሰላሰል ትዕግሥት እንጂ ሒሳብ አያስፈልግም። ቀመሩ በሁለተኛው ሳምንት ይደርሳል።

የመመረቂያ ጥናት ለምታማክሩ ደግሞ፣ ተማሪው «ዶክተር፣ ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በታች ወጣልኝ» ብሎ ደስ ብሎት ሲመጣ ደስታውን አትንፈጉት፤ ደክሞበታልና። ከዚያ ግን ልዩነቱ ስንት ሰዓት፣ ስንት ነጥብ፣ ለስንት ሰው እንደሆነ ጠይቁት፤ ከመጠይቆቹም አንዱን አውጥቶ ከፊታችሁ እንዲያነብ አድርጉት።