ከሩቅ የመጣ ውልና የሐርጌሳ ካሴቶች

በሐርጌሳ መሐል ከተማ፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ አንዲት ሚግ የጦር አውሮፕላን ቆማለች። የቆመችው እ.ኤ.አ. በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት ከተማይቱን በአየር የደበደበበትን ዘመን ታስታውስ ዘንድ ነው። አውሮፕላኖቹ ይነሡ የነበረው ከዚያው ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በዚያ ጥፋት ዋዜማ ሥራቸው ሙዚቃ የሆነ ሰዎች አንድ ነገር አደረጉ፤ የራዲዮ ሐርጌሳን ካሴቶችና ሪል ቴፖች ከመሬት በታች ቀበሩ። ከፊሉም ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲና ኢትዮጵያ ገባ።

ሰላም ሲወርድ ካሴቶቹ ከተቀበሩበት ወጡ። ዛሬ በምሁሩ ጃማ ሙሴ ጃማ በሚመራው የሐርጌሳ ባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ የሚሆኑት ተሰብስበው ይገኛሉ። ዝናቸው ባሕር ተሻግሮ ኒውዮርክ በመድረሱም፣ ኦስቲናቶ ሪከርድስ የተባለው አሳታሚ ወደ ሐርጌሳ መጥቶ የመረጣቸውን የሶማሊ ዘፈኖች እ.ኤ.አ. በ2017 «ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» በሚል ርእስ አሳተመ። አልበሙ በምርጥ ታሪካዊ አልበም ዘርፍ ለግራሚ ሽልማት ታጨ። ማንም ሳይጠራው ከሩቅ የመጣ አሳታሚ የአንዲትን ከተማ ድምፅ ለዓለም ሊያሰማ እንደሚችል ታየ።

ችግሩ የሚነሣው ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አሥረኛው እንግዳ ሲመጣ ነው። ዛሬ በስልኩ ላይ «ዘፈንህን ሰማን፤ እናሳትምልህ» የሚል መልእክት የሚደርሰው የሐርጌሳ ድምፃዊ አብዛኛውን ጊዜ ወኪል የለውም፤ ውል የሚያነብለት ጠበቃም የለውም። አንዱ በደስታ ይፈርማል። ሌላው ደግሞ «ሌቦች ናቸው» ብሎ ሁሉንም ይጥላል። ያለፈው ታሪክ ግን ለሁለቱም አይፈርድም።

የሐርጌሳ ሙዚቀኛ ውል ማንበብን ያልለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማዋ ራዲዮ እ.ኤ.አ. በ1943 በእንግሊዞች ዘመን «ራዲዮ ኩዱ» ተብሎ ሲከፈት የተሰየመው በአጋዘን ስም ነበር። ዘመናዊውን የሶማሊ ዘፈን ከዑድ ጋር ካዋሐዱት ቀደምት ሰዎች መካከል አብዱላሂ ቃርሼ ስማቸው የተነሣው በዚህ ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 «ወላሎ ሐርጌይሳ» የተባለው የኪነት ቡድን ተመሠረተ፤ ትርጓሜውም «የሐርጌሳ ወንድማማቾች» ማለት ነው። ኋላም በወታደራዊው መንግሥት ዘመን ታላላቆቹ ድምፃውያን በሞቃዲሾ ብሔራዊ ቴአትር እንደ «ዋበሪ» ባሉ ቡድኖች ውስጥ የመንግሥት ደመወዝተኞች ሆኑ። የሚቀዳቸው ራዲዮው፣ የሚከፍላቸውም መንግሥት ነበር። በየገበያው ካሴት የሚያባዛው ነጋዴ ደግሞ ማንንም አይጠይቅም ነበር። «ይህ ዘፈን የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ገንዘብ የሚያስገኝ ጥያቄ ስላልነበረ መልሱን በወረቀት ያሰፈረ አልነበረም።

ይሁንና መልሱ በቃል ይታወቅ ነበር፤ እንዲያውም ከብዙ አገር በተሻለ ሁኔታ። የሶማሊ ዘፈን በልማድ ሦስት ባለቤት አለው። ቃሉን የሚገጥም ባለቅኔ አለ፤ «ላሐን» የሚባለውን ዜማ የሚያበጅ ሌላ ሰው አለ፤ ድምፁን የሚሰጠው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። ባለቅኔው በሶማሊ ዘንድ ያለው ክብር ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ዘፈን ሲነሣ የገጣሚውን ስም መጥራት የተለመደ ነው። ከውጭ የሚመጣው ውል ግን ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ለድምፃዊው ብቻ ነው። «የዚህ ሥራ ሙሉ ባለመብት መሆኔን አረጋግጣለሁ» የሚል አንቀጽ ይገባበታል። የሐርጌሳ ድምፃዊ ይህን ሲፈርም፣ ያላሰበውንና ያልሆነውን እያረጋገጠ ሊሆን ይችላል። ኋላ የገጣሚው ልጆች ቢጠይቁ ተጠያቂነቱ ወደ ፈራሚው ሊዞር ይችላል። ውሉን ላዘጋጀው ሰው አንቀጹ ተራ ነገር ነው፤ ለፈራሚው ግን ከክፍያው መጠን ይልቅ አደገኛው እሱ ነው።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ታሪክ ለሐርጌሳ ቅርብ መስታወት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ ገና በወጣትነታቸው እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ክልከላ ጥሰው አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁሙ የመጀመሪያውን የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ያስቀረጹት ሕንድ አገር ነበር። ከእሳቸው ቀጥሎ ካይፋ ሪከርድስ ተነሣ። ካይፋ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣውን የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ሰምቶ አዲስ አበባ ድረስ መጣ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1986 ብራስልስ ባለው ክራምድ ዲስክስ ታተመ። ከዚያም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሲወጣ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ዓለም አወቀው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ አዲስ አበባ ላይ እንግዳው የሚነጋገረው አሳታሚ ነበረው፤ የሸክላው ባለቤት ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። የሐርጌሳው ካሴት ግን የወጣው ከጉድጓድ ነው።

ለሐርጌሳ ሙዚቀኛ ይበልጥ የሚቀርበው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። የዋልያስ ባንዱ የኪቦርድ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ አሜሪካ በሄዱበት ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ ተጫውተው አንድ ካሴት ቀዱ፤ ከዚያም በዋሽንግተን አካባቢ የታክሲ ሾፌር ሆነው ብዙ ዓመት አሳለፉ። ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከመኪናቸው ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ካሴቱን ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አገኘው። ስልካቸውን ፈልጎ ደወለላቸው። የማይታወቅ ሰው፣ የማይታወቅ ድርጅት፣ «ሥራህን እናሳትም» የሚል ጥያቄ፤ ላይ ላዩን ሲታይ ማንኛውም አጭበርባሪ ከሚያቀርበው የተለየ አልነበረም።

የለየው ይዘቱ ነበር። ድርጅቱ አስቀድሞ ገንዘብ አልጠየቀም፤ ትርፉን ከአርቲስቱ ጋር እኩል የመካፈል አሠራር ነበረው፤ የሚያሳትመውም ተለይቶ የታወቀ አንድ ሥራ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በኃይሉ ስም ዳግም ወጣ፤ እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አሳተሙ። ታክሲ ነጂው ስልኩን ባያነሡ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

በአንጻሩ ዛሬ ከሚበዙት መልእክቶች አንዱ «ዘፈንህን በዝርዝራችን ውስጥ አስገብተን ይህን ያህል ጊዜ እንዲሰማ እናደርጋለን፤ ክፍያው ይህን ያህል ነው» የሚለው ነው። ስፖቲፋይ እንዲህ ያለውን በገንዘብ የሚገዛ አድማጭ በደንቡ ይከለክላል፤ በሐሰት የተሰማውን ቁጥር ይሰርዛል፤ ዘፈኑንም ሊያነሣው ይችላል። በዚያ ላይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ገቢ አያስገኝም። እንግዲህ የከፈለው ሙዚቀኛ ገንዘቡንም ዘፈኑንም ያጣል ማለት ነው። የበዓል መድረክ ግብዣ ልኮ «የመመዝገቢያ» የሚጠይቀውም ከዚሁ ወገን ነው፤ የሚጋብዝ ሰው ከእንግዳው አይሰበስብም። የገንዘቡ መንገድም መጠየቅ አለበት። ሐርጌሳ ላይ ሰው የሚገበያየው ከ2009 ጀምሮ በሠራው የቴሌሶም ዛድ ነው። የባሕር ማዶ አሳታሚ በየስድስት ወሩ የሚልከው ሒሳብ በማን ስም፣ በየትኛው ባንክ ወይም ሐዋላ እንደሚደርስ ውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ድርሻው 50 በመቶ ሆነ 15 በመቶ ልዩነት የለውም።

ድምፃዊት ሰሕራ ሐልገን የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። በጦርነቱ ዘመን ቁስለኛ ያስታመመችው ይህች ሴት በስደት ፈረንሳይ ኖረች፤ ከዚያ ሙዚቀኞች ጋር ተጣምራ እየሠራች አልበሞች አወጣች። ወደ ሐርጌሳ ተመልሳም «ሂዶ ዳውር» የተባለውን የሙዚቃና የምግብ ቤት ከፈተች፤ ትርጉሙ «ባህልን ጠብቅ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣችው አልበምም በዚሁ ስም ተጠራ። ከባዕዳኑ ጋር የተዋዋለችው ፊት ለፊት አብራቸው ከተጫወተች በኋላ ነው። ይህ ዕድል ሁሉም የለውም።

ከጉድጓድ የወጡት ካሴቶች ግን ዛሬም ጠያቂ አያጡም። የዘፋኙን ድምፅ ሰምቶ መለየት ለብዙ ሰው አይከብድም። ዜማውን ማን እንዳበጀው፣ ግጥሙን ማን እንደሰጠ የሚያውቁት ግን በዕድሜ የገፉት ናቸው። የዑድ ንጉሥ የሚባሉት አሕመድ ኢስማኢል ሑሴን ሁደይዲ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በኮሮና ለንደን ላይ አረፉ። ቃርሼ ከእሳቸው በፊት በ1994 አልፈዋል። ለአንድ ዘፈን ሦስት ፊርማ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሁለቱን ፈራሚዎች ማን ብሎ ማስጠራት እንደሚቻል የሚመሰክሩት በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።