«ጎደለ»፦ ቃሉና ቆጠራው

የቆጠራ ስሕተት ሁለት ወገን ነው፤ አብዝቶ መቁጠርና አሳንሶ መቁጠር። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመለከተው ሁለተኛውን፣ በተለይም አማርኛ ለእርሱ የሚጠቀምበትን «ጎደለ» የተባለውን ግሥ ነው።

ከግሡ «ጉድለት»፣ «ጎደሎ» እና «አጎደለ» ይወጣሉ። «ለሦስት ሰዓት አሥር ጉዳይ» ስንል የምንሰማው «ጉዳይ»ም የዚሁ ዘር ነው፤ «ከፈለ» ብሎ «ከፋይ» እንደሚል ሁሉ፣ ላው ወደ ያ ተለውጧል። እነዚህን አነጋገሮች የሚያስተሳስራቸው ሙሉው አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ሦስት ሰዓት ስለሚታወቅ አሥሩ ደቂቃ ይጎድላል፤ ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑ ስለሚታወቅ 95ቱ ጎደሎ ይባላል።

ሙሉው ሳይታወቅስ? የአገራችን የሕዝብ ቆጠራ ታሪክ ይህን ጥያቄ ያነሣል። በ1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ፣ የዚያን ጊዜዋን ኤርትራን ጨምሮ፣ ከ42 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ መኖሩን አስታወቀ፤ ይህም ቀድሞ ከተገመተው በብዙ የበለጠ ነበር። ያም ሆኖ በጸጥታ ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው ቦታዎች ስለ ነበሩ፣ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉ በግምት የተሞላ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገለጠ። ከትንበያው ከ2 ሚሊዮን በላይ በማነሱ በምክር ቤትም ከዚያም ውጭ አከራከረ።

ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ክርክሩ በሰዋስው ዓይን የሁለት ግሦች ክርክር ነው። «ሕዝቡ ጎደለ» የሚል አድራጊ አይጠራም፤ ምክንያቱ ሞት፣ ፍልሰት ወይም የወሊድ ማነስ ሊሆን ይችላል። «ሕዝቡን አጎደሉት» የሚል ግን ቆጣሪውን ይከሳል፤ ትንበያውንም እንደ ሙሉ ቁና ይይዛል። ትንበያ ግን ራሱ ግምት ነው፤ ግምት ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የ1976ቱ ቆጠራ አሳይቶናል።

ሦስተኛ አነጋገር አለን፤ «ሳይቆጠር ቀረ»። ይህ አነጋገር ሙሉውን አውቃለሁ ሳይል ወደ አንድ ቤት ያመለክታል፤ ተመልሶ በር አንኳኩቶ ማረጋገጥም ይቻላል። ከቆጠራ በኋላ በናሙና ቦታዎች የሚደረገው የማጣሪያ ቆጠራ ሥራው ይኸው ነው። የክልሎች የበጀት ድጎማ የሕዝብን ብዛት ስለሚከተል፣ ሳይቆጠር የቀረ ሰው ለትምህርት ቤቱም ለጤና ጣቢያውም እንደሌለ ይሆናል።

አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። ሲካሄድ ክርክር አይቀርም፤ ተከራካሪው ከሦስቱ ግሦች የትኛውን እንደመረጠ ማስተዋል ግን የእኛ የቋንቋ ሰዎች ድርሻ ይመስለኛል።