የዝና ሚዛን፤ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ስም በታሪክ ዐይን

በአዲስ አበባ «የትኛው ትምህርት ቤት ይበልጣል?» የሚለው ክርክር ከዘመናዊው ትምህርት ጋር አብሮ ያደገ ነው። ዛሬ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ይመስላል፤ የግሉ ይበልጣል ይባላል። ታሪኩ ግን ይህን አያረጋግጥም።

ከ1966 ዓ.ም. በፊት የላቀው ስም በአብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውና ከነፃነት መመለስ በኋላ በካናዳውያን ኢየሱሳውያን የተመራው ተፈሪ መኰንን፣ እንዲሁም በእንግሊዛውያን መምህራን የታገዘው ጄኔራል ዊንጌት ከየጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ እየመረጡ በአዳሪነት ያስተምሩ ነበር። የዘመኑ ወላጅ ልጁ ከእነዚህ በአንዱ ቢገባለት የግሉን አይመኝም ነበር ማለት ይቻላል።

የግል ትምህርት ቤቶች ስማቸውን ያገኙት በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተቋቋመውና በጣልያን ወረራ ጊዜ በጦር ሜዳ በወደቁት አርበኛ በደጃዝማች ገብረ ማርያም የተሰየመው ሊሴ፣ የፈረንሳይን ሥርዓተ ትምህርት ተከትሎ ለባካሎሬያ ያበቃል። ወይዘሮ ክርስቲን ሳንድፎርድ በጥቂት ልጆች የጀመሩት ትምህርት ቤት መለያው እንግሊዝኛው ነበር። የላሳል ወንድሞች የመሠረቱት ቅዱስ ዮሴፍ ደግሞ በሥነ ሥርዓቱ ጥብቅነት ይነሣል። እንግዲህ አንዱ በቋንቋ፣ ሌላው በፈተና፣ ሦስተኛው በሥርዓት ከታወቀ፣ ሦስቱን በአንድ ተርታ ማሰለፍ አንዱን በሜትር ሌላውን በኪሎ ለክቶ እንደ ማበላለጥ ነው። በዚህ ላይ በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚሰጥ እንግሊዝኛ የግሉ ልዩ ምልክት ሆነ። ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ እስከ ቀጠሉ ድረስ፣ የወላጁ ስሌት ስሕተት አልነበረበትም።

እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው ዐዋጅ የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ሲዛወሩ፣ ከውጭ አገር ማኅበረሰቦች ጋር የተያያዙ ጥቂቶች ተረፉ። ውድድሩም ለሃያ ዓመት ያህል ተዳፍኖ ቆየ። የተማሪው ብዛት እየጨመረ ሄዶ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ማስተማር ግድ ሆነባቸው፤ ግማሽ ቀን የሚማር ልጅ ሙሉ ቀን ከሚማረው ጋር እኩል እንዲፈተን ተፈረደበት። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግል ባለሀብት በር ሲከፍት፣ በየሰፈሩ በኪራይ ቪላ፣ አንዳንዴም ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ በሌለው ግቢ፣ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ዝናው ወደ ግሉ የተሻገረው በዚህ ጊዜ ነው።

ይሁንና ዝናው የሚለካበት መንገድ ለመሐንዲስ ዐይን ጉድለቱ ግልጽ ነው። የአንድ ሞተር ብቃት የሚታወቀው የሰጠው ኃይል ከተቀበለው ኃይል ጋር ሲነጻጸር ነው። በትምህርት ቤት ላይ ግን የሚታየው ውጤቱ ብቻ ነው፤ ማለትም የብሔራዊ ፈተና አኃዝ። በመግቢያ ፈተና የነቃውን ልጅ የመረጠ፣ በክፍያው ደግሞ መጽሐፍና አስጠኚ የማያጣውን የለየ ትምህርት ቤት፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ከተቀበለው ቢበልጥ ምን ያህሉ የመምህሩ ድካም እንደ ሆነ አኃዙ አይናገርም። የጥንቶቹ ዊንጌትና ተፈሪ መኰንንም ቢሆኑ ከዚህ ትችት አያመልጡም፤ እነርሱም መርጠው የሚቀበሉ ነበሩና።

የሁለቱ ግቢዎች ዕጣ ግን ከግሎቹ ተለይቷል። ተፈሪ መኰንን ከአብዮቱ በኋላ እንጦጦ ተብሎ፣ ዊንጌት ስሙን እንደ ያዘ፣ ሁለቱም በጊዜ ብዛት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ሆነዋል። በዛሬው የግንባታ ሥፍራ መሐንዲሱ ሥዕሉን ዘርግቶ የሚያስረዳው ባለሙያ ምናልባት ከእነዚሁ ግቢዎች የወጣ ይሆናል።