የንጉሥ ሞትና የመንደር ለቅሶ



ሞት በሰው ሁሉ ላይ የተጣለ ዕዳ ስለ ሆነ አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን የሞትን ወሬ ለቀሪው ሰው በአግባብ መንገር ትልቅ ሥርዓት ነው። አገራችን ይህን ሥርዓት መርዶ ብላ ሰይማ ከአባት ለልጅ ስታወርሰው ኖራለች። ዛሬም የምንጫወተው ስለዚሁ ስለ መርዶ ነው፤ ይልቁንም የንጉሥ ሞት ለባላገሩ እንዴት ይነገር እንደ ነበረ፥ ሳይነገር በቀረበትም ጊዜ ምን እንደ ተከተለ በታሪክ ያለውን እናመለክታለን። ስለ ምሳሌነቱም ከወሎ ምድር አንዲቱን አገር ግራናን እንይዛለን።

ግራና በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ የምትገኝ፥ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከሚያልፍባት ከመርሳ የማትርቅ የየጁ አገር ናት። ምድሯ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መስክ ከብቱን ያሰማራል፥ በአንድ ገበያ ይገበያያል፥ ሞት በመጣም ጊዜ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ቅሬ ማለት በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር ነው።

በዚህ አገር አንድ ሰው ዘመዱ በሩቅ ቦታ ቢሞትበት ወሬው በመንገድ ላይ ወይም በገበያ መካከል አይነገረውም። አስቀድመው የሰሙት ሽማግሌዎች በምስጢር ይመካከራሉ፤ ጎረቤቱን ይሰበስባሉ፤ ጎሕ ሲቀድም ከደጁ ይደርሳሉ። ሰው ብቻውን ሆኖ መርዶ እንዳይሰማ ይጠነቀቃሉና። ከዚያ በኋላ ለቅሶው ይነሣል፤ የቅሬው ሰው ይጠራል፤ ሴቶች እህልና ውኃ ይዘው ይመጣሉ፤ ክርስቲያኑ ሰልስቱንና አርባውን፥ ሙስሊሙም ሰደቃውን በየወጉ ይፈጽማል።

ይህ ሥርዓት ለወግ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ሦስት ጥቅም አለው። አንደኛ፥ ሞቱ ለሁሉ በአንድ ቀን የታወቀ ስለሚሆን ሐሜትና ጥርጣሬ አይነሣም። ሁለተኛ፥ የሟቹ ዕዳና ኑዛዜ በሰው ፊት ስለሚነገር የሚከፈለው ይከፈላል፥ ይቅር የሚባለውም ይቅር ይባላል። ሦስተኛ፥ ኀዘኑ መጀመሪያና መጨረሻ ይበጅለታል፤ ከል የለበሰው ከሉን የሚያወልቅበት ቀን አለውና። አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ሦስት ነገሮች በልብህ ያዝልኝ፤ ስለ ነገሥታቱ ስንናገር የምንመዝነው በእነርሱ ነው።

በጥንቱ ልማድ ንጉሥ ሲሞት ነጋሪት ተጎስሞ ለሕዝቡ አዋጅ ይነገራል። የአዋጁም ቃል «የሞትንም እኛ፥ ያለንም እኛ» የሚል ነበረ። ይህ አጭር ቃል እጅግ የጠለቀ ነው። ሞትን አይሸሽግም፤ ነገር ግን ዙፋኑ ባዶ አለመሆኑን በዚያው እስትንፋስ ይናገራል። ነጋዴው መንገዱን እንዳይተው፥ ገበሬው ሞፈሩን እንዳይሰቅል፥ ሽፍታም ጊዜ አገኘሁ እንዳይል ያስጠነቅቃል። ከአዋጁም በኋላ በየአገረ ገዥው ግቢ ለቅሶ ይደረግ ነበረ፤ ባላገሩም በየወገኑ እየሆነ ሄዶ ያለቅስ ነበረ።

ይሁን እንጂ የንጉሥን ሞት መደበቅ በዓለም ሁሉ የታወቀ የመንግሥት ብልኀት ነው። የቱርኩ ታላቅ ሱልጣን ሱሌይማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1566 ዓ.ም. በጦርነት ላይ ሳሉ በሞቱ ጊዜ፥ አልጋ ወራሹ እስኪደርሱ ድረስ ባለሟሎቻቸው ሞታቸውን ከሠራዊቱ ለሳምንታት ደብቀዋል። የሠራዊቱ ልብ እንዳይፈታ ብለው ያደረጉት ስለ ሆነ አይፈረድባቸውም ይሆናል። የሳምንታት ድብቅና የዓመታት ድብቅ ግን አንድ አይደሉም።

ዳግማዊ ምኒልክ ከረዥም ሕመም በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው በአዋጅ አልተነገረም፤ አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውስጥ በስውር ተቀመጠ። የዐድዋን ድል ላገኙት ንጉሠ ነገሥት አገር አደባባይ ወጥቶ አላለቀሰም። በአልጋው የነበሩት የልጃቸው የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ፥ የወሎው ገዥ የራስ ሚካኤል ልጅ፥ ልጅ ኢያሱ ነበሩ። የአያታቸው ሞት ስላልታወጀ እርሳቸውም ዘውድ አልጫኑም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ግን አባታቸውን ንጉሠ ወሎ ወትግሬ አሰኝተው በደሴ አነገሡአቸው። እንግዲህ የወሎ ባላገር የገዛ ጌታው ንጉሥ ሲባል እልል እያለ፥ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ መሞት ግን በጆሮ ከሚንሾካሾክ ወሬ በቀር የተነገረው ነገር አልነበረም።

ከላይ የቈጠርናቸውን ሦስቱን ጥቅሞች አስቡ። የሞቱ ቀን አልታወቀም፤ ስለዚህ አሉባልታ ነገሠ። የአልጋው ነገር በሕዝብ ፊት አልተነገረም፤ ስለዚህ ኑዛዜው አከራካሪ ሆነ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት ተባሉ። ከአንድ ወር በኋላ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ የወሎና የሸዋ ጦር ተዋግቶ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማርከው እስከ ዕለተ ሞታቸው በእስር ቈዩ። ለሰገሌ ጦርነት ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን በጊዜው ያልተነገረ መርዶ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ከወሎ መንደሮች ወጥተው በሰገሌ ለቀሩትም ወንዶች ስንት እናት መርዶ ሳይደርሳት በር በር ስታይ እንደ ኖረች እግዚአብሔር ያውቃል።

ለአባታቸው የተገባውን ያደረጉ ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው። የበአታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው የምኒልክን አስከሬን በክብር አኖሩበት። ራሳቸውም መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ዐርፈው በዚያው ተቀበሩ። ከሁለት ቀን በፊት የቀድሞ ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት ሞተው ነበር። ራስ ጉግሣ የየጁ ገዥ የነበሩት የራስ ወሌ ብጡል ልጅ ስለ ሆኑ፥ የዚያ ሳምንት ኀዘን ለየጁ ሰው እጥፍ ኀዘን ነበረ።

ልጅ ኢያሱ ግን ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ እስረኛ ሆነው ኖረው በኅዳር 1928 ዓ.ም. በሐረርጌ በጋራ ሙለታ ሞቱ። ጊዜው የጣልያን ወረራ ጊዜ ነበረ። የአያታቸው ሞት ለሕዝብ ያልተነገረባቸው እኚህ መስፍን የራሳቸውም ሞት ያለ ለቅሶ አለፈ፤ መቃብራቸው እንኳ እስከ ዛሬ በእርግጥ አይታወቅም። አባቶቻችን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ያሉት በከንቱ አይደለም።

መርዶው በአደባባይ የተነገረበትንም ጊዜ እናስታውስ። ግርማዊት እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሞታቸው በዚያው ለሕዝብ ተነግሮ፥ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ተቀበሩ። እቴጌ መነን የአምባሰሉ የጃንጥራር አስፋውና የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የወይዘሮ ስሂን ልጅ ናቸው። አምባሰል የሀብሩ ጎረቤት ስለ ሆነ ለግራና ሰው ይህ የቤተ መንግሥት ኀዘን ብቻ አልነበረም፤ የጎረቤት ልጅ ሞት ነበረ። እንዲህ ያለ ሞት ተለቅሶለት፥ ተዝካሩ ተበልቶ፥ ኀዘኑ በጊዜው ይወጣል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ግን ክፉ ነበረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ዝናም ጠፍቶ ችጋር ገባ። የተራበው ሕዝብ ከየመንደሩ እየወጣ በደሴና በወልድያ አውራ ጎዳና ዳር ፈሰሰ። የሞተውን ሰው ቍጥር አንዳንዶች 40,000፥ አንዳንዶችም እስከ 200,000 ያደርሱታል። መንግሥት ግን ነገሩን አሳንሶና ሸሽጎ ስለ ያዘው፥ ዓለም በሰፊው የሰማው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ነው። በዚያ ችጋር ጊዜ ቅሬ ተፈታ። ቀባሪው ራሱ ተቀባሪ ሆነ። መርዶ የሚያረዳ ሽማግሌ፥ እህል ይዛ የምትመጣ ጎረቤት ጠፋች። ለቅሶን የመሰለ ሥርዓት የነበረው ሕዝብ ልጆቹን ያለ እንባ ከመንገድ ዳር አፈር አለበሰ። ይህ በወሎ ላይ የደረሰ ከሞት የባሰ ሞት ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዋዜማው ያ የወሎ ችጋር ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ምስል ጋራ እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ጭሰኛው ባለ መሬት ሆነ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሞቱ፤ በማግሥቱም በሕመም እንደ ሞቱ በአጭር ቃል ተነገረ። የቀብር ሥርዓት አልተደረገም፤ የተቀበሩበትም አልተገለጠም፤ ለቅሶም አልታወጀ።

እኔ በዚያ ጊዜ የግራና ልጅ ነበርሁ። ወሬው በመንደራችን ሲሰማ ክረምቱ ገና አልወጣም፥ ማሽላውም ቁመት ይዞ ነበር። ደስ ያለው ሰው አላየሁም፤ ጮኾ ያለቀሰም አላየሁም። አያቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። በችጋሩ ሁለት ልጆች ቀብራ ነበርና እኔ ባለማወቄ፥ «ለእርሳቸው ነው የምታዝኚ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ለእርሳቸውም አዝናለሁ፤ ለልጆቼ ያላለቀስሁትንም አለቅሳለሁ» አለችኝ። በመሸ ጊዜ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ገብተው ሳይናገሩ ብዙ ተቀመጡ። ሊነሡ ሲሉ፥ «እትዬ፥ ሰው መቃብሩ ሳይታይ ሞተ ይባላልን?» አሉ። አያቴም፥ «አያ፥ ይህስ መርዶ አይደለም፤ ወሬ ነው» ብላ መለሰችላቸው። ሁለቱም በዚያ ንጉሥ ዘመን ተበድለዋል፤ ሁለቱም በዚያው ዓመት መሬት አግኝተዋል፤ ሆኖም ግን ሰው እንደ ሰው ሳይቀበር መቅረቱን ልባቸው አልተቀበለውም።

የሽማግሌው ጥያቄ መልስ ያገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከመሬት በታች ተገኘ። በሕመም ሞቱ የተባለውም እውነት እንዳልነበረና ተገድለው እንደ ሆነ በፍርድ ቤት ተገለጠ። ዐፅማቸው ምኒልክና ዘውዲቱ ባረፉበት በበአታ ለማርያም ለዓመታት ከቈየ በኋላ፥ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ከሞቱበት ቀን እስከ ቀብራቸው ቀን ሃያ አምስት ዓመት አልፎ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ምንድር ነው? ለንጉሥ ማልቀስ ለንጉሥ ሥራ መመስከር አይደለም። በመንደራችንም ቢሆን ለደጉ ብቻ አይለቀስም፤ የበደለውም ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ይወጣል፥ ከመቃብሩም አጠገብ በደሉን ይቅር ይላል ወይም ካሣውን ይጠይቃል። ሞቱ የተደበቀ ንጉሥ ግን ከዚህ ፍርድ ያመልጣል። የሚወደው ሰው ኀዘኑን አይጨርስም፤ የተበደለውም ሰው ሒሳቡን አይዘጋም። የወሎ ባላገር በ1966 ዓ.ም. ለሞቱበት ልጆቹ ንጉሡን በፍርድ ሸንጎ ፊት የሚጠይቅበት ቀን ነበረው፤ ሞቱን በስውር ያደረጉት ሰዎች ያን ቀን ነጠቁት። የሕዝቡን ሞት የሸሸገው የንጉሡ መንግሥትም፥ የንጉሡን ሞት የሸሸገው ደርግም የሠሩት ኃጢአት አንድ ዓይነት ነው።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ ንጉሡስ ዘግይቶም ቢሆን መቃብር አግኝቷል። በአውራ ጎዳናው ዳር የወደቁት ግን ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ አልተጻፈም። በግራናም ሆነ በሌላ መንደር ያን ዘመን የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬ ጥቂት ቀርተዋል። እነርሱ ሳያልፉ ልጆች ከአጠገባቸው ተቀምጠው፥ ማን እንደ ሞተ፥ የማን ልጅ እንደ ነበረ፥ የት እንደ ተቀበረ ጠይቀው በደብተር ይጻፉ። ቅሬውም በዓመት አንድ ቀን ስማቸውን አንሥቶ፥ ክርስቲያኑ በጸሎቱ፥ ሙስሊሙም በዱዓው ያስባቸው። ይህን ለማድረግ የመንግሥት አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መርዶ የማርዳት ሥልጣን ከጥንት ጀምሮ የጎረቤት ነውና።